ማንም የማያቋርጥበት ቋንቋ

ለብቻው ቋንቋ የሚማር ሰው የሌለበት ዘመድ የለም። የለም የሚል ካለ ደህና አድርጎ አልፈለገም። አንዱ አጎት ወይም አንዷ የአክስት ልጅ ጥግ ይዛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ጸሎት ነው ብለን እንተዋታለን፤ ጠጋ ብለን ስንሰማት ለካ የባቡር ሰዓት እየጠየቀች ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልለመነውም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን የምንመክረው እኛው ነን፤ እንቁላሉ እግር ማብቀል ሲጀምር ቀድመን የሚከፋንም እኛው ነን።

ሹፌሩ ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ኖሯል። እሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ እሷ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ትተኩሳለች። ሃያ አራቱ ዓመት በሰላም አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ሚስቱ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የፖርቱጋልኛ መማሪያ ገዝታ ገባች። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎች ተገንጥለው ጠፍተዋል፤ ሰላምታው ያለው ደግሞ እዚያ ነበር። ስለዚህ ለስድስት ወር ያህል «ቀጣዩ ባቡር በስንት ሰዓት ይነሳል?» ማለት እየቻለች «እንደምን አደርክ?» ማለት ሳትችል ቆየች። በከተማው ባቡር የለም።

«ማን አለሽ እዛ አገር?» አላት ሹፌሩ የዚያን ቀን።

«ማንም።»

«ልትሄጂ ነው?»

«በምን?»

«ታዲያ ለምን ይጠቅምሻል?»

«ስሰማው ደስ ይለኛል።»

ሹፌሩ ይሄን እንደ መልስ አልቆጠረውም። «ለምን ይጠቅማል?» ሲነጋም ሲመሽም የማይለየው መፈክሩ ሆነ። ለሚስቱም ማዕረግ ሰጣት፤ «ክብርት አምባሳደር»። ክብርት አምባሳደር ሽንኩርት እየከተፉ ግሥ ያረባሉ። ክብርት አምባሳደር ካልሲ እያጠፉ እስከ ሠላሳ ይቆጥራሉ፤ የአንዱ ካልሲ ጓደኛ ሲጠፋም የሚቆጡት በፖርቱጋልኛ ነው። በስልካቸው ትምህርቱን ሲከፍቱ ሹፌሩ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ እሳቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ልብስ ማጠቢያው አጠገብ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ይቀጥላሉ። «እንዴት ነው፣ ቻልሽው?» ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ገና ነኝ።»

ታላቅ እህቷ በየሳምንቱ ትመጣለች። «በሃምሳ ዓመትሽ አዲስ አፍ ልትፈቺ ነው? የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ አንቺ ልጅ» ትላታለች። አንቺ ልጅም «እሺ እትዬ» ብላ አንገቷን ትደፋለች። አንድ ቀን እንግዶች ባሉበት ይህችው እህት «እስቲ አንድ ነገር በይበት» አለቻት። ልብስ ተኳሿ እጇን ፎጣ ላይ ጠረገች፣ ጉሮሯን ጠረገች፣ ጀመረች። ግማሹ ላይ ስትደርስ ሹፌሩ «ባቡሩ አመለጠኝ እያለች ነው» ብሎ ተረጎመላቸው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። የቀረውን ግማሽ ዋጠችው፤ ምን ልትል እንደነበር የጠየቃት የለም።

ሹፌሩ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይህን ለመጻፍም ይቀል ነበር። የሚስቱን ነገር እየጨረሰላት የሚያግዛት የሚመስለው ሰው ነው። «ዛሬ ሥራ ቦታ...» ስትል «ሰለቸሽ፣ አውቃለሁ» ይላል። «እህቴ ደውላ...» ስትል «ደግሞ ምን ፈለገች?» ይላል። ዕድሜውን በሙሉ በሰዓት ሲሮጥ የኖረ ሹፌር ነውና፣ ወሬም ቢሆን ሳይዘገይ መጨረሻው እንዲደርስ ይፈልጋል።

በሥራ ቦታዋ ደግሞ ማዕረጓ «ፕሮፌሰር» ነው። እዚያ እያንዳንዱ የእንግዳ ልብስ የክፍሉ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ትያዝለታለች። ልብሱ ሲተኮስ ወረቀቷ ትነሳለች፤ ካውያው ካለፈ በኋላ ተመልሳ ትሰካለች። ፕሮፌሰሯ ትርፍ ወረቀቶች ወስዳ በእያንዳንዷ ላይ አንድ ቃል ትጽፍና ሽርጧ ላይ ትሰካቸዋለች፤ ለአንድ ሸሚዝ አንድ ቃል። ሸሚዙ ታጥፎ ሲነሳ ቃሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ በዚሁ አካሄድ በአንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት የጽሑፍ ፈተናውን ተፈትና አለፈች። የቀራት የቃል ፈተናው ነው፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ከሰው ጋር መነጋገር። በፖርቱጋልኛ ደግሞ ከካውያው በቀር ከማንም ጋር ተነጋግራ አታውቅም።

ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ፣ እጇ ተሳሳተ። ዐሥራ አንድ ሸሚዞች በክፍል ቁጥር ፋንታ የፖርቱጋልኛ ቃል ተሰክቶባቸው ወደ ላይ ወጡ። አንዱ «ትዕግሥት» ይላል፣ አንዱ «ድንች» ይላል፣ አንዱ «ከነገ ወዲያ» ይላል። ልብስ ወደየክፍሉ የሚያደርሰው ልጅ አሳንሰሩ ፊት ቆሞ እንደዚህ የሚባል ክፍል ሲፈልግ ቆየ፤ በመጨረሻ በግምት አደላቸው። አንድ ወፍራም እንግዳ የቀጭን ሰው ሸሚዝ ደርሶት ወደ ስብሰባ ሲጣደፍ ሁለት ቁልፍ በጠሰ። ክፍሉ በሙሉ ሸሚዝና ባለቤት ሲያገናኝ አመሸ፤ የሠራተኛ ሰርቪሱም ጥሏቸው ሄደ።

«ከእንግዲህ ሽርጥሽ ላይ ከቁጥር ሌላ ነገር እንዳላይ» አለቻት ኃላፊዋ። «ከተደገመ ማስጠንቀቂያ አልጽፍልሽም፣ ስንብት ነው።»

ኃላፊዋስ ሥራዋ ነው። የከበዳት ከልብስ አጣፊዎቹ አንዷ ጫማዋን እየቀየረች ያለቻት ነበር። «ላንቺ ቋንቋ እኛ በእግራችን እንሂድ?»

ቤቷ ስትገባ ሹፌሩ እራት ላይ ነበር። «ዛሬ ሥራ ቦታ...» አለች።

«ሰለቸሽ» አለ ሹፌሩ።

«አዎ» አለች፤ ተቀመጠች።

በማግስቱ ይህችው አጣፊ አውቶቡሱ ላይ ተሳፍራ ታሪኩን ከነድንቹ ነገረችው። ሹፌሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ማታ ሲገባም «ክብርት አምባሳደር፣ ከነገ ወዲያ የሚባለው ክፍል ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?» አላት። ሚስቱ አልሳቀችም። መጽሐፉን፣ ደብተሩንና በላስቲክ የታሰሩትን ቁራጭ ወረቀቶች ቁም ሳጥኑ ላይ እየሰቀለች ነበር።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ትቼዋለሁ። የነገ ሳምንት ፈተናም አልሄድም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ለፍተሽ?»

«አንተ ነህ እንዲህ የምትለኝ?»

«እኔማ ለምን ይጠቅማል ነው ያልኩት እንጂ...»

«ለምን እንደሚጠቅም ልንገርህ?» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «በኛ ቋንቋ የጀመርኩትን ነገር ጨርሼ አላውቅም። አንተም፣ እትዬም አታስጨርሱኝም። በዛኛው ግን እስካሁን ማንም አላቋረጠኝም።»



ከዚያን ማታ ጀምሮ ሽንኩርት ያለ ግሥ ተከተፈ፤ ካልሲዎች ያለ ቁጥር ታጠፉ። ሹፌሩ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገ፤ የሚሸፍነው ድምፅ ስላልነበረ መልሶ ቀነሰው፤ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አጠፋውና ወደ ባልዲው በኩል ሲያዳምጥ ራሱን አገኘው። ናፈቀችው። ሚስቱ እቤት ተቀምጣ ስትናፍቀው በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነበር፤ ደነገጠም።

እሷ ሥራ በሄደችበት መጽሐፉን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደ። ከኋላው የቃል ፈተና ጥያቄዎች አሉበት። ሚስቱ የምትማርበትን ድምፅ በራሱ ስልክ ላይ ጫነና በየመጨረሻው ፌርማታ፣ ሌሎች ሹፌሮች ሻይ ሲጠጡ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሰማውን በገዛ ፊደሉ በጉዞ ቅጹ ጀርባ ላይ ይጽፍ ጀመር። ባልደረቦቹ ሲያንሾካሹክ አይተው ሳቁበት። አንዱ መጣና «ወንድሜ፣ ይሄ ለምን ይጠቅምሃል?» አለው። ሹፌሩ ቀና ብሎ አየው፤ ጥያቄው እንዲህ የሚያም መሆኑን እስከዚያች ቀን አያውቅም ነበር።

የፈተናው ቅዳሜ ጠዋት «ልበሺና በኔ መስመር ነይ» አላት።

«ፈተና አልሄድም ብያለሁ።»

«ፈተና ሂጂ አልወጣኝም። አውቶቡስ ላይ ውጪ ነው ያልኩሽ።»

የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ከመጨረሻው ፌርማታ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አላነሱትም። ከሹፌሩ ኋላ ያለው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ ወረደ፤ ትኬት ቆራጯም ወረደች። እስከሚቀጥለው ጉዞ ዐሥራ ስምንት ደቂቃ አለ። ሹፌሩ በሩን ዘጋ፣ ሞተሩን አጠፋ። ሰው ማየት የለመደው በስፖኪዮ ነው፤ አሁን ግን ከነወገቡ ዞረና ከኪሱ የተጣጠፈ የጉዞ ቅጽ አወጣ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበ። አነባበቡ መቼም ለጠላትም አይመኙት። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ማን አስተማረህ?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ። መልሺ።»

ሁለተኛውን አነበበ። ምን ሥራ ትሠሪያለሽ፣ ውሎሽስ እንዴት ነው የሚል ነበር። በራሳቸው ቋንቋ ይህን መቼ ጠይቋት እንደሚያውቅ ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

እሷ መስኮቱን እያየች ጀመረች። መጀመሪያ አንድ አንድ ቃል፣ በኋላ ሦስት፣ በኋላ ሙሉ ነገር። ጣቶቿ በአየር ላይ መርፌ ቁልፍ ሲሰኩ አየና ስለ ዐሥራ አንዱ ሸሚዞች እየነገረችው እንደሆነ ጠረጠረ። ፊቷ ላይ ያየው ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ያን ዕለት እራት ላይ ልትነግረው የጀመረችው ይሄ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቃል ጠፋትና ቆመች። የሃያ ስድስት ዓመት ልማዱ ጉሮሮው ድረስ መጣ፤ ሹፌሩ ከንፈሩን ነከሰ፣ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ ጠበቀ። ቃሉ ቆይቶ መጣላት።

ተሳፋሪዎች ተሰብስበው በሩን ማንኳኳት ጀመሩ። አንዱ የእጅ ሰዓቱን በመስታወቱ በኩል አሳየው። ሹፌሩ ዓይኑን ከሷ ላይ ሳያነሳ፣ ጠብቁ ለማለት እጁን ዘረጋ።

«ገባህ?» አለችው፣ መሐል ላይ አቁማ።

«ምንም አልገባኝም» አለ ሹፌሩ። «ቀጥዪ።»