ቀጠሮ አዳዩ ጋሽ ደረበ

ሐኪም ቤት የሌለው ሰፈር ሊኖር ይችላል፤ አንድ ጊዜ ታክሞ የመጣ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ጨጓራውን የታከመው በሰው ሠርግ ላይ ስለ በርበሬ ይሰብካል። ዓይኑን የታከመው ያገኘውን ሁሉ ሽፋሽፍት እየገለበጠ ያያል። ሐኪሙ ስንት ዓመት ተምሮ ገና የሚጠራጠርበትን ነገር እሱ በአንድ ቀጠሮ አረጋግጦት ተመልሷል።

ለእኛ ለመተማዎች የደረሱን ክቡር ጋሽ ደረበ ናቸው፤ ሊቀ ወገብ ወመገጣጠሚያ። ቤታችን አጥር ለአጥር ስለሆነ ትምህርታቸውን ሳልመዘገብ ተከታትያለሁ። ጋሽ ደረበ ሰሊጥ አምራች ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ግን አብደራፊ ከተማ ትራክተር ይነዱ ነበር። የዚያ ትራክተር መቀመጫ ስፖንጁ አልቆ የታጠፈ ጆንያ ነበር የተነጠፈበት፤ ወገባቸውም የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ክረምት ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር አቃታቸው። ባለቤታቸው እትዬ አሰበች ጎረቤቱን ሁሉ እየጠሩ ጀርባቸውን አስረገጡ። እኔም ተራ ደርሶኝ ረግጫለሁ። ወጌሻው በሰሊጥ ዘይት አሻቸው። ምንም ጠብ አላለም። ጎንደር ይሂዱ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ጎንደር ማለት ለእኛ ቢላዋ ነው፣ ጀርባው የተቀደደ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይቆምም ብለን ስናምን ነው የኖርነው። ሕመሙ ሲጠናባቸው ንስሐ ገብተው፣ ተናዝዘው፣ እትዬ አሰበችን አስለቅሰው ሄዱ።

እየሳቁ ተመለሱ። ዶክተር ማስተዋል የተባለች፣ የአከርካሪና የመገጣጠሚያ ሕመምን ያለ ቀዶ ሕክምና የምታክም ስፔሻሊስት አግኝተዋል። ጉልበታቸውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጋ፣ በተረከዛቸውና በጣታቸው አስኪዳ፣ የተነሱትን የራጅ ፊልም አይታ፣ መድኃኒት ሰጥታ፣ ነርቩ አጠገብ አንድ መርፌ ወግታ፣ ጠዋት ጠዋት የሚሠሩትን እንቅስቃሴ አስተምራ ሰደደቻቸው። «ቢላዋ አያስፈልግዎትም፤ ክትትል ግን የግድ ነው» አለቻቸው። ጋሽ ደረበ የዚህን ንግግር የፊተኛውን ግማሽ ይዘው ወደ መተማ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ሰላም አጣን። ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ከኋላ ድምፅ ይመጣል፤ «ወገብህን ተወው! ጉልበትህን እጠፍ!» አንድ ቀን ቄሱን ራሳቸውን አረሟቸው። ቄሱም ለጥቂት ሰንበት ጉልበታቸውን እያጠፉ ሰገዱ። ወደ ገለጉ በመኪና ስንሄድ ሾፌሩን ያስቆሙና ተሳፋሪውን በሙሉ በዚያ ፀሐይ አስወርደው ያንጠራሩታል። «ኸላስ! አሁን ግቡ» ይላሉ ሲጨርሱ። መንገዱ እስከሚያደርሰን ድረስ አጥንታችን ሲንኳኳ፣ እሳቸው እያንዳንዱን ጉድጓድ በአከርካሪ ዲስክ ቁጥር ይጠሩታል።

የጎጃምና የወሎ ሠራተኞች ለአጨዳ በገቡ ጊዜማ ዩኒቨርሲቲው በይፋ ይከፈታል። ጠዋት አሰልፈዋቸው ስለ ጆንያ አነሳስ ያስተምራሉ። ያረጋል የሚባል ከጎጃም የመጣ ጎበዝ አንድ ቀን እጁን አወጣ።

«እሽ ጋሼ፣ ጆንያውስ ይሁን። ሰሊጡን ሳልጎነበስ በምኔ ልጨደው?»

ጋሽ ደረበ የያረጋልን ማጭድ ተቀብለው አገላበጡት። «እሱን ዶክተሯን እጠይቅልሃለሁ» አሉ። 

እንግዲህ ቀልዱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ።

ዶክተሯ የሰጠቻቸው ሁለተኛ ቀጠሮ ጥቅምት ላይ ዋለ። ቆላ የኖረ ሰው ጥቅምት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ፍሬው አፉን ከከፈተ መሬት ላይ ነው የሚረግፈው። በእኛ አገር ሠርጉም ተዝካሩም የሚለው አንድ ቃል ነው፤ «ሰሊጡ ይግባ።» ጋሽ ደረበም አሉት። ቀጠሮው እንዲሁ እንዳይባክን ግን አዘኑለትና ወገቧን ለሚያማት ለጎረቤታችን ለዝናሽ ሰጧት፤ ሰው ወፍጮ ቤት ተራውን ለጎረቤት እንደሚለቅ ማለት ነው። ዝናሽ ጎንደር ወጥታ «ደረበ» ተብሎ ሲጠራ «አቤት» ብላ ገባች።

ዶክተሯ ስቃ፣ አክማ፣ «በሚቀጥለው የቀጠሮው ባለቤት ራሳቸው ይምጡ» ብላ ላከች። በሚቀጥለው ያረጋል ሄደ። ጆንያ ሲሸከም ትከሻው ተይዞ ነበር። ከዚያ የሰፈራችን ባለ ሱቅ እናት ጉልበታቸውን ይዘው ሄዱ። ሰሊጡ ሲገባ ማሽላው ይደርሳል፣ ማሽላው ሲገባ ምንጣሮ አለ፣ ከዚያ መንገዱ ይዘጋል፣ ሲከፈት ደግሞ እርሻ ነው። በየመሀሉ አንድ የሚያመው ሰው አይጠፋም፤ ጋሽ ደረበም «እኔማ ድኛለሁ፣ ተራዬን ውሰድ» ይላሉ። እትዬ አሰበች ግን ይነግሯቸው ነበር።

«ኧረ አንቱ ሰውዬ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሆነ እኮ ነገሩ!»

«ሰሊጡ ይግባ አልኩሽ እኮ።»

ደግነታቸው እውነት ነው። ማምለጫቸውም እንደነበር ዛሬ ይገባኛል፤ ዶክተሯ ሁለተኛ ስታያቸው ሐሳቧን ቀይራ ቢላዋ ትለኛለች ብለው ይፈሩ ነበር። ያንን ሁሉ እንቅስቃሴ ለሰው ሲያስተምሩ፣ ራሳቸው አንድ ጠዋት ሲሠሩት በአጥር አሻግሬ አይቼ አላውቅም።

ዘንድሮ ክረምት ላይ የቀኝ እግራቸው ነጠላ ጫማ ይወልቅባቸው ጀመር። ወልቆ ቀርቶ እሳቸው አያውቁትም፤ ባዶ እግራቸውን ወደፊት ይሄዳሉ። እኛም ጫማውን አንስተን ከኋላ እየተከተልን ሳቅን። «ጋሼ፣ ጫማዎት ሥራ ለቀቀ» አልኳቸው እኔ። እሳቸውም ሳቁ። እግራቸው መሬቱን መስማት እንዳቆመ ያን ጊዜ ከመካከላችን የጠረጠረ የለም። ይኸ ይቆጨኛል፤ ሊቁን ስናዳምጥ ኖረን ታማሚውን ሳናየው ቀረን።

ጥቅምት ገባና ሰሊጡ ሊታጨድ ሲል፣ ጆንያ እንኳ ሳያነሱ፣ ከፒክአፕ ሲወርዱ ወደቁ። እግራቸው አልታዘዝ አለ። ዶክተር ማስተዋል ዘንድ ስንደውል «አሁኑኑ፣ አስተኝታችሁ አምጧቸው» አለች። ቀጥላም «ቢላዋውን ለማስቀረት እኮ ብዙ ጊዜ ነበረን» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

የበር መዝጊያ ነቅለን ፍራሽ አነጠፍንበት። ያረጋል በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው፣ ዝናሽም ነጠላዋን አሸርጣ በእግራቸው በኩል ያዘች። ጋሽ ደረበ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ተኝተዋል።

«ሰሊጡስ?» አሉ።

«እኛ እናስገባዋለን፣ ጋሼ» አለ ያረጋል። ልናነሳቸው ጎንበስ ስንል ከፍራሹ ላይ ያ ድምፅ መጣ፤

«ወገብህን ተወው! ጉልበትህን እጠፍ!»

ሁላችንም ጉልበታችንን አጠፍን። እትዬ አሰበች እየሳቁ አለቀሱ። ከፍ አድርገን አንድ አይሱዙ መኪና ላይ ጫንናቸው፤ ማንኛችንንም ወገባችንን አላመመንም።

በማግስቱ ያከሟቸው ሰዎች ሁሉ፣ ማለቴ በእሳቸው ቀጠሮ የታከሙት ሁሉ፣ ደቦ ወጡ። በየሰው ስም ሳይሆን በደረበ ስም ተጠርተው የዳኑ ወገቦች ነበሩ እርሻው ላይ የተሰለፉት። የባለ ሱቁ እናት እንኳ ውኃ ይዘው መጡ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ደረበ ናቸው፣ ከጎንደር፣ ከአልጋቸው።

«እንዴት ነው የምታጭዱት? ጎንበስ ብላችሁ ነው?»

«ኧረ በጉልበታችን ነን፣ ጋሼ» አልኩ፣ እጥፍ ብዬ እንደተጎነበስኩ።

«ተማም፣ ደህና» አሉ።  ከዚያ ሲናገሩ ድምፃቸው የሊቁ አልነበረም፤ የፈራ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ነበር።

«ነገ ጠዋት ጀርባዬን ይቀድዱታል። ዶክተሯ እግሬ መመለሱን አታውቅም፣ እንሞክራለን ነው ያለችኝ።» ቀጠሉ። «ተራዬ ነው። ይችን ለማንም አልሰጠኋትም።»

ማጭዴን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለው ተራ ለሰው የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ እኔ እቀበላቸው ነበር።