የጋሽ ሙሳ አንቀጽ ሰማንያ ስምንት

ማንኛውም ሰፈር፣ ውሃና መብራት ቢያጣ እንኳ፣ ሕግ ያልተማረ አንድ ሕግ አዋቂ አያጣም። አላህ ሲያድል ለዳኛው ጥርጣሬን፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ደግሞ እርግጠኝነትን ሰጥቷል። ለከሚሴ የደረሷት ክቡር ጋሽ ሙሳ ናቸው።

ጋሽ ሙሳ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በእነዚያ ዓመታት ያላወጡት፣ ያላስገቡት፣ አቧራውን ያላራገፉለት ፋይል የለም። የአዋጁን ሁሉ ርዕስና ቁጥር እንደ ልጆቻቸው ስም ያውቁታል። ከርዕሱ ሥር ያለውን ለማንበብ ግን ሥራ ፋታ አልሰጣቸውም። ቢያነቡትስ ምን ይጨምርላቸዋል? "ሕጉ ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል" ካሉ በኋላ የሚከራከራቸው የለም። የባጃጅ ሹፌር እንኳ "አምስት ብር ይጨምሩ" ብሎ ከሚከራከራቸው ይልቅ በሰጡት ማውረዱን ይመርጣል።

ጎረቤታቸው ነጅዋ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ለልጇ መወለድ የሚታረደው የዐቂቃ በግ ሲገዛ፣ ጋሽ ሙሳ ከባሏ ጋር ሰንበቴ ከተማ ገበያ ድረስ ሄደው ከቆላ የመጣውን ነጋዴ "ደረሰኝ ካልቆረጥክ ሽያጩ ፈራሽ ነው" አሉት። ነጋዴው ትንሽ አያቸውና ሙክቱን ጎትቶ ለሌላ ሸጠ። ባሏ ይዞ የተመለሰው ገበያው ሲበተን የተረፈውን ነው። እንግዶቹ ያን ሥጋ ሲያኝኩ መዋላቸውን ነጅዋ እስከ ዛሬ አልረሳችም።

ያም ሆኖ ሰው ሲጨንቀው ያውቃል የተባለውን መጠየቁ አይቀርም። እሷን ያስጨነቃት ደግሞ የራሷ ዕድል ነበር። ነጅዋ የምትሠራበት የብድርና ቁጠባ ተቋም ሕጉ ከሚሰጣት የአራት ወር የወሊድ ፈቃድ በላይ፣ በራሱ ቸርነት ሁለት ወር ከነደመወዙ ጨምሮላታል። ቸርነቱ ቅጽ ነበረው። "ተመልሼ ስድስት ወር ሳላገለግል ብለቅ፣ የሁለቱን ወር ደመወዝ እመልሳለሁ" ይላል። እሷም እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ባላት ሰሞን ፈርማበታለች። ታዲያ ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ የተከፈተ የባንክ ቅርንጫፍ ቀጠራት። ደመወዙ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ቢሮው ከቤቷ አምስት ደቂቃ ነው። ብድር ለማስመለስ በየገጠሩ መዞሩ ቀርቶላት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ብላ ልጇን ማጥባት ትችላለች።

"ሂጂና ባንኩ ግቢ!" አሏት ጋሽ ሙሳ። "የወሊድ ፈቃድ መብት ነው እንጂ ዕዳ አይደለም። አንቀጽ ሰማንያ ስምንት። ሕጉ ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል።"

"የፈረምኩት ቅጽ አለ እኮ፣ ጋሼ።"

"ቅጽ አዋጅ አይሽርም!"

ቅጹን ግን አላዩትም። አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ሦስት ገጽ የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ አጻፏት፤ "የማይደፈር መብቴ" የሚል ሐረግ አራት ቦታ ላይ አለበት። መልሱ በሁለት መስመር መጣ። ሕጉ የሰጣትን አራት ወር ማንም አልጠየቃትም፤ የተጨመረውን የሁለት ወር ደመወዝ ግን በአንድ ጊዜ ገቢ ካላደረገች የመልቀቂያ ደብዳቤ አይሰጣትም። ባንኩ ደግሞ ደብዳቤውን እስከ ሰኞ ካላመጣች ቀጣዩን ተወዳዳሪ እጠራለሁ አለ። ገንዘቡ የት አለና! ግማሹ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሆኗል፤ ከቀረውም ያ የማይታኘክ በግ ድርሻውን ወስዷል።

ነጅዋ አለቀሰች። በጋሽ ሙሳ ተናደደች፤ እሳቸውን በጠየቀች በራሷ ደግሞ ይበልጥ ተናደደች። ሐሙስ ማታ ሊጠይቋት ሲመጡ ቅጹን ፊታቸው አኖረችው።

"ጋሼ፣ ሕጉ ቁልጭ አድርጎ ያስቀመጠው ለካ የኔን ዕዳ ኖሯል።"

ጋሽ ሙሳ መነጽራቸውን አወጡ። ከርዕሱ ጀምረው እስከ ፊርማዋ ድረስ አነበቡት፤ ምናልባት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ፤ ይህ የመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

በማግስቱ አርብ የሆነውን ለነጅዋ በስልክ የነገረቻት የተቋሙ ጸሐፊ ዘይና ናት። ጋሽ ሙሳ ሦስት ሰዓት ላይ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው የሰው ኃይል ኃላፊው አብዱልፈታህ ቢሮ ገቡ።

"አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ፣ ጋሽ ሙሳ! ታኣ፣ ይቀመጡ" አላቸው ወንበር እየሳበ።

"አልቀመጥም። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት።"

ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ "እሺ" ሳይባል እንደማይቀመጥ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ለመልቀቂያ ደብዳቤ የቆመ ግን ጋሽ ሙሳ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም። አብዱልፈታህ ደግሞ የሰው ልጅ ነው፤ አባቱን የሚያህሉ ሽማግሌ ቆመው እሱ እንዴት ይቀመጥ? ፋይሉን ቆሞ አገላበጠ፤ ስልኩን ቆሞ አነሳ። በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ተበዳሪዎችም አፍረው አንድ በአንድ ከአግዳሚው ተነሡ። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ መላው ቢሮ በእግሩ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ጁምዓ ደረሰ እኮ!"

"አንተ ሂድ ስገድ፣ ልጄ። እኔ እዚሁ እጠብቅሃለሁ። ጁምዓዬ ቢያመልጠኝ አላህ የሚጠይቀው አንተን ነው።"

"ኧረ በአላህ! ምን ላድርግልዎ?"

"ዕዳ አለባት፤ ፈርማለች፤ ትክፈል። ግን የምታጠባ እናት ናት። በአሥር ወር ትክፈል፤ ደብዳቤውን ዛሬ ስጣት።"

አዛኑ ሲሰማ አብዱልፈታህ ሥራ አስኪያጁን ደውሎ አስፈቀደ፤ የአከፋፈል ውሉንና ደብዳቤውን ቆሞ ፈረመ። "አንድ አንቀጽ እንኳ ሲጠቅሱ አልሰማኋቸውም፣ ወላሂ" አለች ዘይና።

ጋሽ ሙሳ ከሰላት መልስ ደብዳቤውን ይዘው፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ።

"ምነው ጋሼ፣ እግርዎን ምን ነካው?"

"ከባጃጅ ስወርድ ነው። አየሽ፣ አንቀጽ ሰማንያ ስምንትን ሳነብለት ወረቀት መሰለ!"

ነጅዋ ያበጠውን ጉልበታቸውን አየችው። ያን ጉልበት ሦስት ሰዓት ሙሉ ያቆመው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ታውቃለች። ከአባቷ ሞት ወዲህ እንዲህ የቆመላት ሰው አልነበረም። ለጉልበታቸው ማሻ ቅቤ አሙቃ አቀረበችላቸውና ከሣጥኑ የባንኩን የሥራ ውል አወጣች።

"ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ። ያለ እርስዎ ምክር መፈረም ፈራሁ።"

ጋሽ ሙሳ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ርዕሱን አነበቡ።

"ምንም እንከን የለውም" አሉ ገጹን ሳይገልጡ። "ፈርሚ!"

"እሺ፣ ጋሼ" አለች ነጅዋ። ውሉን እስከ መጨረሻው መስመር ሦስት ጊዜ አንብባ ከፈረመችው ሳምንት ሆኗታል።