ሰባ ከሰባ ያመጣች ብር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ሃያ አምስት ሳንቲም በእጃችሁ የያዛችሁት መቼ ነው? አታስታውሱም። እኔም አላስታውስም። ሳንቲም ከመካከላችን የወጣው እንደ ጨዋ እንግዳ ነው፤ ማንንም ሳያስነሳ፣ ቀስ ብሎ። መጀመሪያ አምስቱ ሄደ፤ ልብ ያለው የለም። ከዚያ አሥሩ ተከተለ። ከዚያ ባለሱቁ መልስ ስንጠብቅ ማስቲካ ያቀብለን ጀመር፤ እኛም ማስቲካውን እያኘክን ዝም አልን። አሁን ደግሞ ባለ አንበሳዋ አንድ ብር ተራዋን እየጠበቀች ነው። ለማኝ እንኳ ስትሰጡት መጀመሪያ እሷን አገላብጦ ያያል፤ ቀጥሎ እናንተን።

ታዲያ ይህችን ብር በጊደር ዋጋ የሚገዛ ሰው አለ ብላችሁ ምን ትላላችሁ? ሳቁ፤ አልቀየማችሁም። የገዛኋት እኔ ነኝ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱፍም ካባም እሞክራለሁ፤ እንጀራዬ ግን የተማሪ ዩኒፎርም ነው። የተወለድሁት ደብረ ኤልያስ ነው፤ ለእናትና ለአባቴ አራተኛና የመጨረሻ ወንድ ልጅ። አራተኛ መሆን ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ሱሪው እኔ ዘንድ ሲደርስ የሌላ ሰው ጉልበት ቅርጽ ይዞ ነው። ጫማው የሚያውቀው የታላቄን እግር ነው፤ እኔ በገባሁበት ቁጥር እንደ ባዕድ ይቆነጥጠኛል። የመማሪያ መጽሐፌ ጥያቄዎች ሁሉ በታላቅ ወንድሜ በአያ ይበልጣል እጅ ተሞልተው ነበር፤ እኔም ስህተቱን ሁሉ ወርሼ ከእሱ ጋር እኩል ወደቅሁ። መምህራኖቻችን ሲጠሩኝ የሦስቱን ወንድሞቼን ስም በተራ ካዳረሱ በኋላ ነው ቢያድግልኝ የሚሉኝ። ካደግሁ በኋላስ? የልብስ ስፌት መኪናዬን የገዛሁት ለእርጅና እጅ ከሰጡ አንድ አረጋዊ ልብስ ሰፊ ነው፤ መርገጫው በእሳቸው እግር ልክ ጎድጉዷል።

ተከፋሁ ማለቴ አይደለም። ሠርቼበታለሁ፣ ልጆች አሳድጌበታለሁ። ብቻ ከውስጤ አንዲት ነገር አልጠፋ አለች፤ ከእኔ በፊት የማንም ያልሆነ አንድ ዕቃ ቢኖረኝ የምትል። ‹ሚስትህስ?› እንዳትሉኝ። ስመኝ የማንም ሆና አታውቅም፤ የእኔም ጭምር።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ዘንድሮ ምን በስልክ የማይጀምር አለ? ሥራ የቀዘቀዘ ዕለት አንድ ደንበኛዬ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ቡድን ውስጥ አስገባኝ። እኔ የመሰለኝ የጥንት የጠዋት ገንዘብ ሊያሳዩኝ ነው። ለካ ትናንት የወጣውንም ይሰበስባሉ! አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ገና ከማተሚያው የወጣ፣ ወደ ገበያ ያልገባ ሳንቲም ወደ ባሕር ማዶ ይላካል። እዚያ ዐዋቂዎች በማጉያ መነጽር አገላብጠው ያዩትና እንደ ተማሪ ነጥብ ይሰጡታል። ነጥቡ ከመቶ ሳይሆን ከሰባ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጭረት የሌለው፣ ነቁጥ የሌለው፣ ጣት ያላረፈበት ሰባ ከሰባ ያገኛል። ከዚያ በማይከፈት የፕላስቲክ ቤት ታሽጎ ይመለሳል። ስልሳ ዘጠኝ ያመጣው የበግ ዋጋ ያወጣል፤ ሰባ ያመጣው የጊደር። በዐይናችሁ ብታዩአቸው ግን መንታ ናቸው።

አንድ ቀን እሷን አየኋት። አንዲት ብር። ከፊት አንበሳው፣ ከጀርባ ሚዛኑ። ሰባ ከሰባ። ሻጩ ከሥሯ ‹የሰው እጅ ነክቷት አያውቅም› ብሎ ጽፎባት ነበር።

ልቤ ምን እንዳለ ልነግራችሁ አልችልም።

ለጨረታ ነበር የቀረበችው። እኔ ዋጋ ጻፍሁ፤ አንድ ‹ሙሉቀን ሾፌሩ› የሚባል ሰው ጨመረብኝ። ፎቶውን ከፍቼ አየሁት፤ ኮፍያ የደፋ፣ አውቶቡስ ተደግፎ የሚስቅ ጎልማሳ ነው። ጨመርሁ። ጨመረ። ሌሎቹ በሙክት ዋጋ ላይ ጥለውን ወጡ፤ እኔና ሙሉቀን ብቻ ቀረን። ያን ፈገግታውን እያየሁ ስንቱን ረገምሁት! ለክረምቱ ጨርቅ መግዣ ያስቀመጥሁት ሁሉ ወጣ። በመጨረሻ እሱ ዝም አለ፤ እኔም አሸነፍሁ።

ብሯ ስትደርስ ስመኝ አጠገቤ ቆማ ነበር።

«የገዛኸው ፕላስቲኩን ነው ወይስ ውስጡ ያለውን?» አለችኝ።

«ሁለቱንም።»

መቀነቷን ፈትታ አንዲት ያረጀች፣ አንበሳው ጎፈሩ የተላጨ ብር አወጣችና ከእኔዋ አጠገብ አስቀመጠቻት። «ይችስ ስንት ታወጣለች?»

«አንድ ብር ናታ።»

«አይ ምስኪን!» አለች አሮጊቷን ብር በጣቷ እየዳበሰች። «ሥራ ስለሠራች ነው?»

የእኔዋን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኋት። ግን በየቀኑ ሱቁ ጭር ሲል እያወጣሁ አያታለሁ። ወደ መስኮቱ አዘነብላትና ብርሃኑ ጠርዟን ሲዞራት እመለከታለሁ። ደስ ትላለች። ደግሞ አንድ የማላውቀው ችግር ገጠመኝ፤ እንዳትነካ ብዬ የገዛኋትን ብር መንካት አማረኝ። ጣቴን ፕላስቲኩ ላይ አሳርፋለሁ። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው። የእኔ ሆና ከእኔ ጋር አልተገናኘችም፤ በመስታወት ውስጥ እንደሚያዩት ዳቦ።

በዚህ መካከል ስልክ ተደወለ። የሴት ድምፅ ነው።

«ብሯን የወሰዱት እርስዎ ነዎት?»

«የትኛዋን ብር?»

«ሙሉቀን የተሸነፈባትን።»

ተቀናቃኜ ሚስቱን ልኮ ሊሳደብ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። «አቶ ሙሉቀን ደኅና ናቸው?» አልሁ በጨዋ ደንብ።

«ሙሉቀንማ ዐረፈ፤ ዓመት ሊሞላው ነው» አለች።

ታዲያ ማን ነው ያን ሁሉ ሲጨምርብኝ የሰነበተው? ያን ፈገግታ... ያን ሁሉ እርግማን... እሷም ያሰብሁት የገባት መሰለኝ።

«እኔ ነኝ። ስልኩ የሱ ነው፤ ስሙን ማጥፋት አልሆነልኝም» አለች። «ይሽጡልኝ ልል አይደለም የደወልሁ። የምኖር ደጀን ነው፤ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አለችኝ። ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ጎራ ብለው ያሳዩኝ፤ ማየቴ ብቻ ነው።»

የሞተ ሰው በሕልሜ ሳይመጣብኝ በፊት ልሂድ አልሁ። ጨርቅ በዱቤ ለማምጣት መውረዴም አይቀርም ነበር። ብሯን በመሐረብ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ተሳፈርሁ። ከሉማሜ ጀምሮ ንግግር አዘጋጀሁ፤ «እትዬ፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው፤ ነገር ግን ይህች ብር ለእኔ...» ከዚህ በኋላ ያለው አልመጣልኝም። ለእኔ ምን? ለአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የታላቅ ወንድሜን ሱሪ ላወራላት ነው?

የደወሉልኝ ወይዘሮ እንጉዳይ ጥቁር ነጠላ የለበሱ፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው፤ በስልክ ከመሰለኝ ይልቅ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሆነው አገኘኋቸው። ቤቱ በሾፌሮች ተሞልቷል፤ ከውጭ ወደ ዓባይ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ፍሬናቸውን ያስፈትሻሉ። እኔን ሲያዩ ጭልፋውን ለሠራተኛዋ ሰጥተው ወደ ጓዳው አጠገብ ወሰዱኝ።

ግድግዳው ላይ አንድ የዋንዛ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በሰሌዳው ላይ ክብ ክብ ጉድጓድ ተቦርቡሮ በየጉድጓዱ ሳንቲም ገብቷል። አንዱ፣ አምስቱ፣ አሥሩ፣ ስሙኒና ሽልንግ ስንላቸው የነበሩት ሃያ አምስቱና ሃምሳው ሁሉ፣ በየዓይነታቸው፣ አልቀው፣ ጠቁረው፣ ለስልሰው። ነጥብ ቢሰጣቸው ከሰባ አሥር የሚያመጣ የለም። መጨረሻ ላይ አንድ ጉድጓድ ባዶ ነው።

«ሙሉቀን ረዳት ሆኖ ነው የጀመረ» አሉኝ። «እኒህ ሁሉ ተሳፋሪ የሰጠው ናቸው። አንዷን አሥር ሳንቲም አንዲት መነኩሲት ከዲማ ገዳም ስትመለስ ከፍላው፣ አልቀበልም ብሎ ተጣልታው ነው የወሰዳት። የየአንዳንዱን ወሬ ያውቃል። ብሯ ስትመጣ ግን አላስገባም አለ። በቀን ስንቷን ይቀበል የለ! ‹አስገባና ይዘጋ እንጂ ይህ ቀዳዳ› ስለው ‹ሌላውን ሰው ነው የከፈለኝ፤ ይችን እኔ ራሴ ነው የምገዛት፤ ንጹሒቱን› ይለኛል። ሲፈልግ ሲፈልግ ሞት ቀደመው።»

መሐረቡን ፈታሁ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተቀበሉኝ፤ ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ሰሌዳውን ከግድግዳው አውርደው ባዶው ጉድጓድ ላይ አስጠጓት። ፕላስቲኩ ሰፊ ነው። አልገባም። አዙረው ሞከሩ። አልገባም።

«ከዚህ ቤቷ አትወጣም?»

«ትወጣለች፤ ግን ፕላስቲኩ ከተሰበረ ነጥቧ ይጠፋል እትዬ። ወዲያው አንድ ብር ትሆናለች።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ብር አይደለችም?»

ከሉማሜ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር እዚህ ላይ ሞተ። መልሰው መሐረቤ ላይ አስቀመጡልኝ፤ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ማየቴ ይበቃል» አሉ፤ ምሳ ሊያዙልኝም ዞሩ። ሴትዮዋ ቢለምኑኝ እምቢ እል ነበር። ይህን አውቃለሁ። አልለመኑኝም። እኔም ያን ባዶ ጉድጓድ አየሁ፤ ዳር ዳሩ በጣት ብዛት ወዝቷል። ሰውየው እያለፈ ይዳብሰው ነበር ማለት ነው።

«እትዬ» አልሁ፤ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «በገዛሁበት ይውሰዷት።»

አልተከራከሩም፤ አላመሰገኑምም። ገንዘቡን እዚያው በስልክ ላኩልኝ፤ በሙሉቀን ስልክ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው የአጥንት መክተፊያውን መጥረቢያ ይዘው ብቅ አሉ። ‹ቆይ፣ ቀስ ብሎ በመጋዝ...› ልል አፌን ከመክፈቴ በመጥረቢያው ጀርባ አንዴ አሳረፉበት። ቋ! ሰባ ከሰባው፣ ማኅተሙ፣ የባሕር ማዶው ዐዋቂ፣ ጊደሯ፣ ሁሉም ወለሉ ላይ ተበተነ። ምሳ የሚበሉት ሾፌሮች ዞረው አዩን፤ አንዱ እንዲያውም «ምን ተሰበረ?» አለ።

«ምንም» አሉት።

ስባሪው መካከል ብሯ ቁጭ ብላለች። «እጄ ቅቤ ነው፤ እርስዎ ያንሷት» አሉኝ።

አነሣኋት። ቀዝቃዛ ነበረች። ጠርዟ ገና ሹል ነው፤ ጣትን ይይዛል። በመዳፌ ላይ አንድ ሁለቴ ገለበጥኋት፤ አንበሳው፣ ሚዛኑ፣ አንበሳው። ከዚያ በአውራ ጣቴ ተጭኜ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባኋት። ልክክ አለች። በእነዚያ በጠቆሩት መካከል ስታበራ በሽማግሌዎች ጉባኤ የገባች ሙሽራ መሰለች።

«እንግዳ ትመስላለች» አልሁ።

«ትለምዳለች» አሉኝ፣ ሰሌዳውን ወደ ቦታው እየሰቀሉ።

ምሳውን ስበላ ግን አንድ ጥያቄ አላስቀመጠኝም። አጠገቤ ሲያልፉ ያዝኋቸው። «እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ ከመሳቢያዎ አንዲት ያልጠቆረች ብር መርጠው፣ በሎሚ አጥበው ቢያስገቡ ማን ያውቅብዎት ነበር?»

ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እንደ ልጅ የጠየቅሁ ያህል አዩኝ።

«እሱ ያውቃላ!» አሉና ወደ ወጡ ሄዱ።

ከአዲስ አበባ ስመለስ ሁሉንም ለስመኝ ነገርኋት። የጨርቁ ገንዘብ በመመለሱ ደስ ብሏታል፤ ደስታዋን ግን አላሳየችኝም፤ ለሙሉቀን አዘነችለት። ሻይ እየቀዳችልኝ ሳለ እንደ ቀልድ አድርጌ፣ ግን ቀልድ ሳይሆን፣ ጠየቅኋት።

«እኔ ብሞት አንቺ የቱን ትሞይልኛለሽ?»

«የቱን ምን?»

«የጎደለኝን።»

ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆመች። ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ፤ ልብስ ለመለካት እንደማይ። አውጥታ አውርዳ፣

«ምን ጎድሎሃል?» አለችኝ፤ ከልቧ። «ንገረኝና እሞላለሁ።»

አፌን ከፈትሁ። ያች ከልጅነቴ ጀምሮ የማትጠፋው ነገር እዚያው አለች፤ ስም ላወጣላት ብዬ ፈለግሁ፣ አሰብሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ። እስካሁንም ማታ ማታ ደጅ ላይ ተቀምጬ፣ ነፋሱ ከጮቄ ተራራ ሲወርድ፣ አስባለሁ። ስመኝ አልረሳችም፤ አልፎ አልፎ «አገኘኸው?» ትለኛለች።

በሙሉቀን የምቀናው ለዚህ ነው። ሰውየው ምን እንደጎደለው ያውቅ ነበር። አንድ ብር።