ወለቃ ላይ የፈነዳችው እንስራዬ

አባት የሆነ ሰው ወጣትነቱን ያሳለፈበት ቦታ ልጁን ይዞ መሄድ የለበትም። ብቻውን ይሂድ፣ ይተክዝ፣ ይመለስ። ልጁን ይዞ ከሄደ ግን ቦታው አፍ ያወጣል። እናንተም "እኔ በናንተ ዕድሜ ሳለሁ..." እያላችሁ ልጅ ያሳደጋችሁ ሁሉ፣ ይህን በደንብ ያዙልኝ።

የወለቃዋን እንስራዬን ታስታውሷታላችሁ። በዚህ ዓምድ ሁለት ጊዜ ጽፌላችኋለሁ። በሃያ ዓመቴ ከጎንደር ወለቃ በእግሬ እየተመላለስኩ፣ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሁለት ሳምንት ውዬ፣ ማንም ሳያስተምረኝ በማየት ብቻ እንስራ ሠራሁ። ከእሳት ወጥታ በጣቴ ባንኳኳት እንደ ደወል ጮኸች። "ትዕግሥት ማለት ይህ ነው" ብዬም ደመደምኩ። ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ ያለውን ሁሉ በራሴ አንብቤ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ታሪኳ ልኬ ነበረች። ለልጄ ለቤዛ መጀመሪያ የነገርኳት አራተኛ ክፍል ሳለች፣ ሒሳብ በወደቀች ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ፈተና በመጣ ቁጥር እንስራዋም አብራ ትመጣ ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ... መጨረሻው እንዲያ አልነበረም።

ልዋሽ ብዬ አልተነሣሁም። የታሪኩን ጫፍ ለልጅ እንዲመች ትንሽ ከርከም አደረግሁት፣ ያ ብቻ ነው። በዐሥረኛው ጊዜ ግን እኔም አመንኩት።

በኛ ቤት ደግሞ ለውሸት ሕግ አለ። ያወጣሁት እኔ ነኝ። የዋሸ ሰው ጥፋቱን በራሱ እጅ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ከዚያም ውሸቱን የሰሙት ሁሉ ባሉበት ቆሞ ያነባል። ቤዛ በልጅነቷ ሰባት ወረቀት ጽፋለች። ሰባቱንም በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ።

ቤዛ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ባለፈው ቅዳሜ መጣችና፣

"አባዬ፣ አዘዞ ለተከራየሁት ቤት ሸክላ ልገዛ ነው። ወለቃ ውሰደኝ። እግረ መንገዳችንን እንስራዋን የሠራህበትን ቦታ ታሳየኛለህ" አለች።

"ፀሐዩ ከባድ ነው።"

"ደመና ነው እኮ።"

"ጉልበቴ..."

"ባጃጅ አለ።"

ጫማዬን አደረግሁ። እንዲህ እንድትከራከር ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ወለቃ ተለውጣለች። መንገዱ ዳር የሸክላ አንበሳ፣ የሸክላ ወፍ፣ እንቁላል የምታህል ማሰሮ ተደርድሯል። በኔ ጊዜ ማሰሮ ወጥ ይሠራበት ነበር፤ አሁን እንግዳ ቦርሳው ውስጥ ከቶት ይሄዳል። የኩበቱ ጢስ ግን ያው ነው። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሃያ ዓመቴ የተመለሰ መሰለኝ። አንዱን ማሰሮ አንሥቼ አንኳኳሁና "ይህ በደንብ ተተኩሷል" አልኩ። ቤዛ በአድናቆት አየችኝ። እዚያው ላይ ብንመለስ ኖሮ እስከ ዛሬ የተከበርኩ አባት ነበርኩ።

"የዋልክባቸው ሴትዮ ስማቸው ማን ነበር?" አለች።

ማሰሮዎቹን ወደምትሸጠው ሴት ዞርኩ። ፊቴን ለኀዘን እያዘጋጀሁ፣ "እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። መቼም አርፈዋል..." አልኳት።

"ምነው አያ፣ ምን በወጣቸው። አማቴ እኮ ናቸው። ከጓሮ ተቀምጠዋል፣ ግቡ እንጅ።"

ሰው በሕይወት አለ ተብዬ ደንግጬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ደነገጥኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ አርጅተዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን አሁንም ጭቃ ላይ ነው። ሰላም ስንላቸው አላወቁኝም። በልቤ ተመስገን አልኩ። ቤዛ ግን አላስችል ብሏት፣ "አባቴ እኮ ሸክላ ይሠራል" አለቻቸው።

"ወንድ ሆኖ? በል እስቲ ተቀመጥ፣ እጅህን ልየው" አሉና ጭቃ ቆርሰው ሰጡኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ልጄ ልትቀርጸኝ ስልኳን አውጥታ ቆማለች። እናንተስ ብትሆኑ? እጅጌዬን ሰበሰብኩና አንዲት ትንሽ ማሰሮ አበጀሁ። ለዓይን መጥፎ አልነበረችም። እትዬ ጥሩወርቅ ግን በዓይናቸው አይደለም የሚያዩት። እጃቸውን ከሥሯ ሰደው ዳበሱ። እንደገና ዳበሱ።

"ቂጡ ወፍሯል።" (በሸክላ ሠሪ አፍ የማሰሮ ታች ቂጥ ነው፤ ነውር የለበትም።)

"ይስተካከላል" አልኩ።

"እንዲህ ቂጥ የሚያወፍር በዕድሜዬ አንድ ሰው ነው የማውቀው።" ጆሯቸውን ወደ ድምፄ ዘንበል አደረጉ። "አንተ... የመሪጌታው ልጅ አይደለህም?"

"አይደለሁም" ማለት ይቻል ነበር። ጎንደር የመሪጌታ ልጅ ሞልቷል። አንዲት ቃል ናት፤ እንስራዬም፣ ክብሬም እንዳሉ ይቆዩልኝ ነበር። ቤዛ ስልኳን እንደያዘች ታየኛለች። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሰባት ወረቀቶች ትዝ አሉኝ።

"ነኝ" አልኩ።

"አሥራ አንድ ማሰሮዬን የፈጀኸው" አሉና ወደ ቤዛ ዞሩ። "ይኸውልሽ ልጄ፣ ሸክላ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ነው የሚደርቅ። የወፈረ እንደሆነ ቀን ይጨመርለታል። ውስጡ እርጥብ ሳለ እሳት ከነካው ይፈነዳል። አባትሽ 'ነገ ይተኮስ፣ ነገ ይተኮስ' እያለ ሲነዘንዘኝ 'ሳምንት ጠብቅ' አልሁት። ዞር ስል እንስራዋን ደብቆ ከደረቁት መካከል እሳቱ ውስጥ ዶላት።"

"እንደ ደወል ጮኸች ብሎኝ ነበር" አለች ቤዛ።

"ጮኸች እንጅ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ነበር። አጠገቧ ያሉትን አሥራ አንዱን ይዛ ሄደች። አባትሽም ጋቢውን ጥሎ በዚያው ጠፋ። ክረምቱን እኔ ለበስሁት። ሸጋ ጋቢ ነበር።"

ቤዛ ቀስ ብላ ዞረች። "ሌባ ቀማኝ ያልከው ጋቢ?"

(ስለ ክፉ ባልንጀራ ስመክራት የምጠቀምባት ሌላ ታሪክ ነበረችኝ። እሷም በዚያችው ደቂቃ አረፈች።)

ጎንበስ ብዬ የእትዬ ጥሩወርቅን ጉልበት ሳምኩ። "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ። ይችን ማሰሮ ግን ዛሬ አትወስዳትም። ቂጧን እፍቅልህና ሳምንት ትደርቃለች። ቅዳሜ ና።" ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "ከቅዳሜ በፊት እንዳትመጣ" አሉ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ቤዛ ስልኳ ላይ የቀረጸችውን ደጋግማ አየች። ከተማ ልንገባ ስንል፣

"አባዬ፣ ሕጉ ምን ነበር የሚለው?"

"ጽፎ ማንበብ ነዋ። እራት ላይ ለእናትሽና ለአንቺ አነባለሁ።"

"ውሸቱን የሰሙት ሁሉ ባሉበት ነው የሚለው። አንባቢዎችህም ሰምተዋል። ሁለት ጊዜ።"

ይኸው ወረቀቴ። ቆሜ እያነበብኩላችሁ ነው።

እንደ ልማዴ ታች ላይ ስለ ትዕግሥት ለወጣቶች የሚሆን ሁለት ገጽ ምክር ጨምሬበት ነበር። ለጋዜጣው ከመላኬ በፊት ቤዛ ልየው አለችና ሰጠኋት። ሣጥኔን ከፍታ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣች፤ ሁለቱንም ገጽ ከዳር እስከ ዳር ሰርዛ፣ ከጎኑ እንዲህ ጽፋ መለሰችልኝ፦

"አባዬ፣ ቂጡ ወፍሯል።"