ታጥቆ መታቀፍ

ቴክሳስ ውስጥ ትንሽ ነገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። መኪናው ትልቅ ነው፤ መንገዱ ትልቅ ነው፤ ሻይ ስታዝዙ የሚመጣላችሁ ብርጭቆ ፊት ያስታጥባል። ሰው ሁሉ ትንሽ እንዲሆንለት አጥብቆ የሚመኘው አንድ ዕቃ ብቻ አይቻለሁ። እሱም ሽጉጥ ነው።

ነገሩ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። እኛ ባደግንበት አገር መሳሪያ ያለው ሰው እንዳለው እንዲታወቅለት ይፈልጋል። ኮቱን ገለጥ ያደርጋል፣ ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፣ ፎቶ ሲነሳ ሰደፉን ወደ ካሜራው ያዞራል። እዚህ ግን መንግሥት ራሱ የሚሰጣችሁ ፈቃድ የመደበቅ ፈቃድ ነው። ቀኑን ሙሉ ተምራችሁ፣ አሻራ ሰጥታችሁ፣ ዒላማ መትታችሁ የምትቀበሉት ካርድ በአጭሩ ሲተረጎም «ይህ ሰው ይደብቅ» ይላል። ከታየባችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። እኔ በበኩሌ ለመደበቅ ፈቃድ አውጥቼ አላውቅም። ግን ከብዙ ባለ ፈቃድ የተሻልኩ ደባቂ ነኝ።

ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ዳላስ አጠገብ፣ ፋርመርስ ብራንች፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ እነዳለሁ፤ ፎርክሊፍት ደግሞ ወሬ አይጠይቅም። ዳላስ የመጣሁ ሰሞን አንዱ፣ ወታደር ነበርክ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነበርኩ አልኩ። የት የት ተዋጋህ አለ። ዝም አልኩ። በሳምንቱ አስር አለቃ ይሉኝ ጀመር። ሌላው ስንት ዓመት ቆየህ ብሎ ጠየቀ፤ እሱንም ዝም አልኩት፤ ሃምሳ አለቃ ሆንኩ። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን መቶ አለቃ ደርሼ ነበር። ዝም ባልኩ ቁጥር እሾማለሁ። ያለ አንድ ጥይት እንደ እኔ በፍጥነት ያደገ መኮንን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እውነቱ አጭር ነው። በአስራ ሰባት ዓመቴ ላምባ ልገዛ ከቤት ወጣሁ። አፈሳ ላይ ደረስኩ። ጠርሙሱን እንደያዝኩ መኪና ላይ ጫኑኝ። እናቴ ያን ቀን እራቷን በጨለማ በላች። ሁለት ዓመት ጠመንጃ ተሸከምኩ፤ ከዚያ ወዲህ መሳሪያ ታጥቄ አላውቅም። በቃ።

ወዳጄ ዘሪሁን ግን ይህን አያውቅም ነበር። ዘሪሁን ሌዊስቪል የሚኖር፣ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ሰው ለማሳቅ የተፈጠረ ሰው ነው። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ዳላስ መሀል፣ ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ አንገቱ ላይ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ደገነበት። ስልኩንና የጋብቻ ቀለበቱን ተቀብሎ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወረደ። ቀዝቃዛው ነገር ምን እንደነበር ዘሪሁን እስከ ዛሬ አያውቅም። ሽጉጥ ሊሆን ይችላል። የቤት ቁልፍም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ታክሲዋ ፓርክ እንደተደረገች ቀረች።

አስባችሁት ከሆነ፣ ታክሲ መንዳት ማለት ቀኑን ሙሉ ጀርባን ለማያውቁት ሰው መስጠት ማለት ነው። ዘሪሁን ለሚያውቀውም መስጠት አቃተው። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ምግብ ቤት ስንገባ ጥግ ይይዛል። መቀለዱንም ተወ። እኔ የፈራሁት ይህን ነው።

በመጨረሻ ደወለልኝ። «መቶ አለቃ፣ ሽጉጥ ልገዛ ነው። ሶ፣ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ትመርጥልኛለህ። ለእጅጉ ግን እንዳትነግራት።»

እጅጉ ሚስቱ እጅጋየሁ ናት። ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ጥይት የሚያደርገውን በዓይኗ ስለምታይ ቤቴ መሳሪያ አይገባም ብላ ከማለች ቆይታለች። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። እሱ እሺ ያልኩ መሰለው።

ትምህርቱ ላይ አብሬው ሄድኩ፤ ለመቀመጥ ያህል። አስተማሪው ባለ ትልቅ ባርኔጣ ሽማግሌ ነበር፤ ምንም ብታደርጉ ፕሪንት እንዳታደርጉ እያለ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። የዘሪሁን ፊት ቀለሙ ተለወጠ። ማመልከቻውን በልጁ ፕሪንተር ሦስት ኮፒ አውጥቶ መጥቶ ነበር። ወረቀቶቹን ቀስ ብሎ ወንበሩ ስር ከተታቸው። ለካ ፕሪንት ማድረግ የሚሉት የሽጉጡ ቅርጽ በልብስ ላይ ጎልቶ ሲታይ ነው። ይህንን ያወቅነው ለምሳ ስንወጣ ነው። ካርዱ እስኪመጣ ሁለት ወር እኔ የምሠራበት መጋዘን ካርቶን ሲያነሳ ቆየ። ግድግዳ እየተደገፈ።

መሳሪያ ሱቅ ስንሄድ ምርጫ አልፎ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሊገባ ሲል ነበር። መሳሪያ ሊከለክል ነው ተብሎ ሱቁ እንደ በዓል ዋዜማ ገበያ ተጨናንቋል። ያስተናገደችን አክስት የመሰለች ፀጉረ ነጭ ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ጫማ እንደሚለካ ሰው የዘሪሁንን መዳፍ በመዳፏ ለካችና ሦስት ሽጉጥ ጨርቅ ላይ ደረደረች። አንደኛው ደልደል ያለ፣ እጅ ላይ የሚመች፣ ግን እጀታው ረዝሞ ሸሚዝ የሚገፋ። ሁለተኛው ሪቮልቨር የሚባለው፣ አምስት ጥይት የሚጎርስ፣ ብዙ ጣጣ የሌለው፣ ግን ሆዱ የወጣ። ሦስተኛው ስስ፣ መዳፍ የሚውጠው። ትንሹ ሲተኮስ ይበልጥ ወደ ኋላ ይመታል፣ ልምምድ ይፈልጋል ብላ አስጠነቀቀችው። ትልቁ ለመተኮስ ቀላል፣ ይዞ ለመዋል ከባድ ነው፤ ትንሹ ተቃራኒው። አይታችኋል፣ ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው የትኛው ችግር እንደሚሻለው ነው።

አንዱን ለእኔ አቀበለችኝ። ሳላዝዘው እጄ ካዝናውን አወጣ፣ ወደ ኋላ ስቦ ባዶ መሆኑን አየ፣ አፈሙዙን ከሰው አዞረ። ሴትዮዋ በመነጽሯ አናት አየችኝ። ይህን ሠርተህ ታውቃለህ አለች። አላውቅም አልኩ። ስለ መሳሪያ የማውቀው ክብደቱን ነው። ያ የያኔው አራት ኪሎ ገደማ ነበር፤ ይህ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። መልሼ ሳስቀምጠው ግን የቀለለኝ ትከሻዬን ነው።

ዘሪሁን እያንዳንዱን በየማኅደሩ ወገቡ ላይ እያደረገ እንዲፈትን ነገረችው። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ከመደርደሪያ ዕቃ አወረደ፣ የጫማ ክር አሰረ። ሦስቱም አልታዩም። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። የዚህች ሴት ደንበኞች ሰውን ከሩቅ ሃይ ብለው የሚያልፉ ናቸው። እኛ ግን፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ሰላም ስንባባል ለፍተሻ የተላክን ነው የምንመስለው። ቀኝ ትከሻ፣ ግራ ትከሻ፣ እንደገና ቀኝ፤ አንዱ እጅ ጀርባ ይደበድባል፣ ሌላው ወገብ ይስባል፤ የቆየ ሰው ከሆነ ደግሞ ሀ ተብሎ እንደገና ይጀመራል። የእኛ ሰው ችግር መታጠቅ አይደለም። ታጥቆ መታቀፍ ነው።

«ሰላም በለኝ» አልኩት።

«እዚህ?»

«እዚህ።»

ሰላም ተባባልን። የመጀመሪያው ሽጉጥ ጎኔን እንደ ክርን ነረተኝ። ሁለተኛው ሆዴ ላይ ቡጢ ሆነ። ሴትዮዋ ልንለያይ መስሏት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ነገሩን ሳስረዳት ግን እንዲህ ዓይነት ፈተና በሙያዋ አይታ እንደማታውቅ ነገረችንና ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ ሦስተኛውን ራሷ ፈተነችው። ዘሪሁንን እቅፍ አድርጋ ጀርባውን ደባበሰችና፣ የት አደረግከው አለችው። ትንሿ ተገዛች።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ክርስትና ተጠራን፤ ሌዊስቪል፣ የአፓርታማ አዳራሽ ውስጥ። ዘሪሁን ታጥቆ መጣ። እጅጉ ሥራ ላይ ነበረች። ቢያንስ አስራ ሁለት ሰው አቅፎት አንዱም አልነቃም፤ ወደ እኔ እያየ በዓይኑ ይጠቅሰኝ ጀመር። ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችን አሮጊት እማማ ዘነቡ መጡ።

የረሳነው ቁመትን ነበር። እማማ ዘነቡ ዘሪሁን ደረት ላይ ነው የሚደርሱት። እሳቸው የሚያቅፉት ትከሻ ሳይሆን ወገብ ነው፤ ያውም በሁለት እጅ፣ ያውም እየዳበሱ።

«ዘርዬ» አሉ እጃቸው ሽጉጡ ላይ እንደቆመ። «ይሄ ወገብህ ላይ የበቀለው ምንድነው ልጄ?»

«ምንም አይደለም፣ እማማ።»

«ምንም ያልሆነ እንዲህ አይጠጥርም። ሐኪም አይቶታል?»

«አዎ፤ ማለቴ፣ አላየውም። ትንሽ ነው እኮ፣ አይጨነቁ።»

«ዕጢ ነው» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ በሹክሹክታ፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ። ከዚያም በሸሚዙ ላይ ሦስት ጊዜ አማተቡበት።

ለሰዉ ሁሉም ነገር በአንዴ ቦታ ቦታውን ያዘለት። ለካ ታክሲዋን ያቆማት ታሞ ነው። ለካ ግድግዳ የሚደገፈው መቆም አቅቶት ነው። ቀልድ የተወውም ለዚሁ ነው። ማክሰኞ ሳይደርስ ቤቱ በጠያቂ ሞላ፤ ሾርባው፣ ብርቱካኑ፣ በወተት ጋሎን የመጣው ጠበል። ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ያቅፈዋል። እማማ ዘነቡ ከነጋሎናቸው ራስጌው ተሰየሙ። ዘሪሁን ሽጉጡን ጫማ ካርቶን ውስጥ ደብቆ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ሾርባ ይጠጣል። መታመሙን ካስተባበለ መታጠቁን ማመን አለበት። እኔን ያየኛል። እኔ ደግሞ፣ መቼም አሁን ታውቁኛላችሁ።

ሐሙስ ቀን ጠያቂው ሲወጣ እጅጉ በሩን ዘጋች። ነርስ ናት፤ ሸሚዝህን አውልቅ አለችው። አወለቀ። ወገቡን ዳበሰች፤ ጎኑን ዳበሰች፤ ምንም የለም። ወደ እኔ ዞረች። በዚህ ጊዜ ዘሪሁን ራሱ ተነስቶ ካርቶኑን አመጣና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት።

ከፍታ አየችው። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

«ሦስት ቀን መኪና ውስጥ አለቀስኩ» አለች። «ለዚህ ነው?»

«ጀርባዬን ለሰው መስጠት አቃተኝ፣ እጅጉ።» ለእሷ ሲነግራት የመጀመሪያው ነበር።

«እና ይሄን ታጥቀህ ቻልክ?»

አሰበበት። «አልቻልኩም። አሁን እንዲያውም ከፊት የሚመጣውንም እፈራለሁ።»

እጅጉ ልትስቅ ስትል ተወችው። «አንተስ?» አለችኝ። «ስትታጠቅ ፍርሃቱ ለቀቀህ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ልማዴ ነበር፤ ሻምበልነት ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ነበር። ግን ሰውዬው ያለ ሸሚዝ ቆሟል።

«አለቃ አይደለሁም» አልኩ። «ተራ ወታደር ነበርኩ፤ ላምባ ልገዛ ወጥቼ ነው የታፈስኩት። ጠመንጃ አቅፌ ሁለት ወር እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንቅልፍ የወሰደኝ አብሮኝ የታፈሰ ልጅ ጀርባውን ጀርባዬ ላይ አስደግፎ መተኛት ሲጀምር ነው።»

ልጁ አሁን የት አለ ብላ አልጠየቀችኝም። ነርስ ናት አልኳችሁ።

«ነገ ዕረፍት እወጣለሁ» አልኩት ዘሪሁንን። «ከኋላ እቀመጣለሁ። አንተ ንዳ።»

አራት ቀን ተሳፋሪ ሆንኩ። ከሌዊስቪል ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ሌዊስቪል። የመጀመሪያው ቀን ከመንገዱ ይልቅ በመስታወት እኔን ሲያይ ዋለ። በሁለተኛው ቀን እጅህን ከኪስህ አውጣ አለኝ። በሦስተኛው፣ የጫነው ሰው መኮንን እንዳልሆነ ካወቀ ወዲህ መኪናዋ እንደቀለለችው ነገረኝ፤ ቀልድ መሆኑ ነው፤ ሰማሁት፤ ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን የመኪናዋ ማሞቂያ አሸንፎኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አጠገቤ ሻንጣ ያቀፈች ሴትዮ ተቀምጣለች። ከየት እንደጫናት አላውቅም። ዘሪሁን ጀርባውን ለሁለታችንም ሰጥቶ ስለ እኔ ማንኮራፋት ያወራላታል። ሴትዮዋ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች።

ሽጉጧ ዛሬ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ናት። ቁልፉ እጅጉ ጋ ነው። እንደዚያ የተደበቀ ሽጉጥ ቴክሳስ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እማማ ዘነቡ ዘሪሁንን ወገቡን አቀፉት። ዳበሱ። በቀኝ ዳበሱ፣ በግራ ዳበሱ። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት። ዕጢው ጠፍቷል፤ ያለ ሐኪም፣ ያለ ቢላዋ፣ በአንድ ጋሎን ጠበል። ሰው ተሰበሰበ። አብረኸው ስትውል የነበርከው አንተ ነህ፣ እንዴት እንደሆነ ንገረን እንጂ መቶ አለቃ አሉኝ። ዘሪሁን አየኝ። እጅጉ አየችኝ። ሁለቱንም ምስጢር ያውቃሉ፤ የዕጢውንም የማዕረጌንም።

ዝም አልኩ።

ሻምበል ሆንኩ።