ያልጮኸች ጣት

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ጎተራ እንጂ ፋብሪካ አያውቅም። ፋብሪካ ውስጥ ዝም ያለ ሰው አይነቅዝ ይሆናል፤ የጉዳት ካሳ ግን አያገኝም።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ሰበታ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ስገባ ዓይን አፋርነቴን ይዤ ነው የገባሁት። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ስንቴ ዓለም ገና ድረስ ተወስጃለሁ።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የበረታበት ነበር። አስፋልቱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከመንገዱ በኩል ጩኸት መጣና ድንጋይ ቆርቆሯችን ላይ ወረደ። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች በአንድ አፍ ጮኹ። እኔ ደንግጬ ዘወር ስል ማሽኑ አመልካች ጣቴን ከብስኩቱ ጋር ሊያሽገው ያዘው። ጥፍሬ ሄደ። ታዲያ ጣቱ ደህና የሆነው ሁሉ ሲጮህ፣ መጮህ የሚገባኝ እኔ ሻሼን ጠቅልዬበት ዝም አልኩ። ሰው ዞሮ ቢያየኝስ?

የሰው ኃይል ኃላፊያችን ኦቦ ገመዳ ግን ያለ ዓይን ምስክር ካሳ የለም አሉ። አጠገቤ የምትሠራው ቦንቱ ተጠራች። እሷ እቴ ያን ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ነበረች። ስትጮህስ ሰምተሻል ወይ ተባለች።

«ሁላችንም ጮኸናል፤ እሷ ብቻ ነች ያልጮኸችው» ብላ በሙሉ ልቧ መሰከረችልኝ። ወዳጅ እንዲህ ነው።

ኦቦ ገመዳም ቤቴ ሽንኩርት ስከትፍ ቆርጬው ሊሆን እንደሚችል ጠረጠሩ። ሽንኩርት ጥፍር እንደሚነቅል ያን ቀን ሰማሁ። ምስክር ካላገኘሁ የሕክምናውም ወጪ፣ የቀረሁባቸው ቀናትም በራሴ ላይ ናቸው። ቤቱን ከእህቴ ጋር ነው የተከራየነው፤ አከራያችን ደግሞ ጣቴን አይተው ከንፈር ይመጥጣሉ እንጂ ኪራይ አይተዉም።

እንደገና ልለምን ቢሯቸው የሄድኩ ዕለት ውጭ ያው ጩኸት ተነሳ። ሠራተኛው በጓሮ በር ነቅሎ ወጣ። ኦቦ ገመዳ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ሊቆልፉ ሲጣደፉ መሳቢያው አውራ ጣታቸውን ግጥም አድርጎ ያዘው። ጮኹ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጩኸት ነበር። ግን አገሩ ሁሉ ሲጮህ የእሳቸውን ማን ይለየዋል?

ጣታቸውን እፍ እያሉ ክፍሉን ቃኙ። ከእኔ በቀር ሰው የለም። ያኔ መመሪያው ትዝ ሳይላቸው አልቀረም።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አይተሻል አይደል?»

አዎ ልል ነበር። ምላሴ ተሳሰረ። አንገቴን ደፍቼ የወለሉን ስንጥቅ ማየት ጀመርኩ። እሳቸው ጠበቁ፤ እኔ ይብስ አፈርኩ። በመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሱና ማኅደሬን አውጥተው በግራ እጃቸው ማኅተሙን አሳረፉበት።

«አሁንስ?»

«አይቻለሁ» አልኩ። ድምፄ የመጣው ገና ያን ጊዜ ነው።

ካሳዬን አገኘሁ፤ እሳቸውም የእሳቸውን። ግን ያቺ ልጅ በዝምታ ብቻ ታስፈርማለች፣ ብርቱ ተደራዳሪ ናት ብለው በፋብሪካው ሁሉ አወሩ። የሠራተኛ ማኅበሩ ምርጫ ሲመጣ ታዲያ ቦንቱ ጠቆመችኝ፣ እጅ ሁሉ ወጣ። አልፈልግም ለማለት አፈርኩና ይኸው የሠራተኛው ቃል አቀባይ ሆኛለሁ።