የአባቴ ሰባት ደቂቃ

ሰው ስልኩ ሲሞላበት መጀመሪያ የሚያጠፋው ምን እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ረጅሙን ቪዲዮ ነው። ምን እንዳለበት ማን ያያል? ስንት ቦታ እንደያዘ ነው የሚታየው።

አባቴ እዚሁ አቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበር። ማሽን መሀል ስለኖረ ቤት ውስጥም የሚያወራው እየጮኸ ነው። አንድ እሁድ በራችን ላይ ወንበር ሲጠግን ቀረፅኩት። ሰባት ደቂቃ። ምን ቁም ነገር ተናገረ መሰላችሁ? የዘንድሮን ሚስማር ረገመ። እናቴን ጠርቶ መዶሻው የት እንዳለ ጠየቃት። መዶሻው እጁ ላይ ነበር። እኔን ደግሞ «ይህን ከምትቀርጪ እግሩን ብትይዢልኝ ምን አለበት» አለኝ።

ለፋሲካ የሳሪስ አቦዋ አክስቴ አልማዝና ቂሊንጦ የሠራተኛ ሰርቪስ የሚነዳው አጎቴ ተስፋዬ ሲመጡ፣ ቪዲዮውን በብሉቱዝ ሰጠኋቸው። የእናቴ ስልክ ባለቁልፍ ስለሆነ ቪዲዮ አይዝም። ግን ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? እኛ ሦስት ነበርን።

አባቴ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞተ።

መጀመሪያ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የክፍላችን ልጆች በእኔ ስልክ ጭፈራ ሊቀርፁ ፈለጉ። ስልኩ ሞላ። «አንዱን አጥፊና ቶሎ በይ እንጂ፣ አንቺ ደግሞ» አሉኝ። እኔ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ረጅሙን ነካሁት። እነ አክስቴ ጋ አለ ብዬ ነዋ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እናቴ «እስቲ ያንን የወንበሩን ክፈቺልኝ። ድምፁ እየራቀኝ ነው» አለችኝ።

ወጥቼ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ውይ የኔ ልጅ፣ አንቺ ጋ አለ ብዬ ለክርስትና ቀረፃ ቦታ ሳጣ አጠፋሁት አለችኝ። አጎቴም ጋ ስደውል «አልማዝ ጋ የለም እንዴ?» አለ። አያችሁ፣ ማናችንም ክፉ አልነበርንም። ተማመንን እንጂ።

ገበያው ጋ ስልክ የሚጠግነው ሙባረክ ስልኬን ነካክቶ መለሰልኝ።

«እህቴ፣ በላዩ ላይ ብዙ ቀርፀሽበታል። ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽም?»

«ለሰው ሰጥቼ ነበር።»

«ሰው መጋዘን ነው እንዴ?»

ለእናቴ ስልኩ ተበላሸ አልኳት። እኔ አጠፋሁት ማለት አቃተኝ። እስከ ዛሬም አላልኩም።

አጎቴ ሊክሰን ብሎ ሌላ ቪዲዮ ይዞ መጣ። አንድ ሰዓት ከሩብ የሚፈጀውን የቀብሩን። እሱስ ሁሉም ጋ አለ። የቀብር ቪዲዮ ማን ይደፍራል? ስልኩ ቢሞላም ሰው ጭፈራውን ያጠፋል እንጂ ሬሳ የወጣበትን አይነካም። ነውር ነው።

እናቴ ነጠላዋን አገጯ ላይ ይዛ እስከ መጨረሻው አየችው። ራሷ ስሙን እየጠራች ደረቷን ስትመታ አየች። ሲያልቅ ስልኩን ለአጎቴ መለሰችለት።

«እኔ ስጠራውማ አለ» አለች። «እሱ አቤት ሲለኝ ነው የጠፋው።»

አጎቴ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔም አላየሁትም።

አሁን ብልህ ሆኛለሁ። የቀብሩን ቪዲዮ ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ፣ ሜሞሪ ካርድ ላይም አድርጌያለሁ፣ ለአክስቴም አደራ ብዬ ደግሜ ልኬያለሁ። አባቴ ዝም ያለበት አንድ ሰዓት ከሩብ ከእንግዲህ በምንም ተአምር አይጠፋም።